ሕንፃ ግንባታ ልማር ወይስ ከአጎቴ ጋር ሳይት ልግባ?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። 12ኛን ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት አልመጣልኝም። ፖሊ ቴክኒክ ገብቼ ሕንፃ ግንባታ ልማር አስቤ ነበር። አጎቴ ግን አዲስ አበባ ፌራዮ (ብረት አሳሪ) ነው፤ «ኮሌጅ ዓመት ከምትፈጅ አብረኸኝ ና፣ በስድስት ወር እጅህ ይፈታል» ይለኛል። ቤተሰብም ገንዘቡን ስለሚፈልገው ወደሱ ያዘነብላል። በዲፕሎማው ሥራ ይገኛል? ሳይት ላይ የጀመረስ ከፍ ይላል ወይስ እዚያው ይቀራል?

ፎርማኑ፦
አጎትህ ግማሹን እውነት ነግሮሃል። ብረት ማሰር ኮሌጅ አይጠይቅም። ችግሩ፣ ፌራዮ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በኪሎ ነው፤ ሲሚንቶ ጠፍቶ ወይ ባለቤቱ ብር አጥሮት ሳይቱ ሲቆም ያንተም ገቢ ይቆማል። ከፍ የሚያደርግህ ድሮዊንግ (የሕንፃውን ንድፍ) ማንበብና ልክ ማውጣት ነው። ለምሳሌ የብረቱን ዲያሜትር በሚሊሜትር ወስደህ በራሱ አባዝተህ ለ162 ስታካፍለው የአንድ ሜትሩን ክብደት በኪሎ ይሰጥሃል። ባለ 12 ብረት 144 ሲካፈል ለ162፣ 0.89 ኪሎ ገደማ ነው። 12 ሜትሩ አንድ ቤርጋ (ሙሉ ዘንግ) ወደ 10.7 ኪሎ ይመጣል ማለት ነው። ይህን ከድሮዊንግ ላይ አስልቶ ስንት ቤርጋ እንደሚገባ የሚናገር ሰው ጋንግ (የሠራተኛ ቡድን) ይመራል። የማይችል ሌላው ቆርጦና አጥፎ የሰጠውን ሲያስር ይኖራል። አጎትህን 162ን ጠይቀው።

የቢሮ መሐንዲስ፦
ወንድሜ፣ ዲፕሎማው ያለ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ብዙም አይራመድም። የጽሑፍም የተግባርም ምዘና አለው፤ ከአንዱ የሥልጠና ደረጃ ወደ ሌላው ለማለፍም ይጠየቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ኮሌጅ ሳይገባ በልምድ የሠራም ሰው ለምዘና መቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ መንገዶች የሚጣሉ አይደሉም። በዲግሪ የተመረቁ ሲቪል መሐንዲሶች ሥራ ፈተው ባሉበት ሰዓት ግን በደረጃ 4 ቢሮ እቀመጣለሁ ብለህ አትሂድ፤ ሳይት ላይ ነው የምትፈለገው። ምርጫ ካለህ ኤሌክትሪክ ዝርጋታን ወይ ሳኒተሪን (የቧንቧ ሥራን) አስብበት፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላም ጥገና አለው።

ሴራሚኳ፦
የፊኒሺንግ ሥራን አትርሱት እንጂ! እኔ ሴራሚክ አነጥፋለሁ፤ ክፍያው በካሬ ነው። ሥራዬን ሳስረክብ ባለቤቱ በሳንቲም እያንኳኳ ነው የሚያልፈው፤ አንዱ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ሥሩ ማጣበቂያው አልሞላም ማለት ነው፣ ተነቅሎ እንደገና። ከዚህ በፊት ሴት ናት ብለው ግራውት (የሴራሚኩን መጋጠሚያ መሙያ) ብቻ ያስሞሉኝ የነበሩ ሰዎች አሁን ደውለው ይጠሩኛል። አንድ ምክር፣ ልኬቱን ከአሠሪው ጋር አብረህ ለካ፣ ወረቀት ላይ አስፈርመው። በቃል የተለካ ካሬ ክፍያ ሲደርስ ይሸሻል።

ከሻርጃ፦
ወደ ዓረብ አገር የምታስብ ከሆነ ባዶ እጅህን አትምጣ። ሙያ በወረቀት ከሌለህ ሄልፐር (ረዳት ሠራተኛ) ነህ፣ እዚያው ሳይት ላይ ያለው ባለሙያ ግን ሌላ ደመወዝ ነው የሚበላው።

የሠራተኛ ጉዳይ፦
የትም ብትገባ አዋጅ 1156/2011ን እወቅ። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። የቀን ትርፍ ሰዓት የመደበኛው አንድ ተኩል፣ የሳምንት ዕረፍት ቀን እጥፍ፣ የሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። የደህንነት ዕቃ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። በባሕር ዛፍ መወጣጫ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቀበቶ ውጣ ቢሉህ አትውጣ። «ሁሉም የሚወጣው እንዲሁ ነው» ይሉሃል፤ ይበሉ።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አጎቴን 162ን ጠየቅኩት፤ «እኔ በዓይኔ ነው የማውቀው» ብሎ ሳቀብኝ። ምዝገባው እስኪከፈት ከሱ ጋር ብሠራስ?

ፎርማኑ፦
በጣም ጥሩ፣ ሂድ። ከሱ እጅ ፍጥነትን ትማራለህ፤ እሱም ቀላል አይደለም። ኮሌጁ የማታ ክፍል ካለው ጠይቅ፣ ሳይቱን ሳትለቅ ትማራለህ። የ12ኛ ውጤትህን ኦርጅናል አትጣል። ጉጠትና ሜትር ደግሞ የራስህን ግዛ፤ የተዋስከው ከጠፋ ከክፍያህ ላይ ነው የሚቆርጡህ።