የ7ኛ ክፍል ሒሳብ፦ ቫት ከገባበት ዋጋ ላይ 15 በመቶ ብንቀንስ መልሱ ለምን ልክ አይመጣም?

የአዳማዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 7ኛ ክፍል ነው፤ ነገ የሚያስረክበው የቤት ሥራ አንዱ ጥያቄ ላይ ተይዘናል። «አንድ ጫማ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ 1,840 ብር ተሸጠ። ታክሱ ሳይጨመር ዋጋው ስንት ነበር?» ይላል። ልጁ የ1,840ን 15 በመቶ አወጣ፣ 276 መጣለት። ከ1,840 ላይ ሲቀንሰው 1,564 ሆነ። ለእኔም ልክ ይመስለኛል፤ የተሰጠው መልስ ግን 1,600 ነው። የቱ ጋ ተሳሳተ? አሠራሩን ብታስረዱን።

ዮኒ፦
ቀላል ነው። ዋጋው ኤክስ ይሁን።
1.15 × ኤክስ = 1,840
ኤክስ = 1,840 ÷ 1.15 = 1,600። አለቀ።

የአዳማዋ እናት፦
አመሰግናለሁ ወንድሜ፤ ግን 1.15 ከየት መጣ? ሁለታችንም እዚያው ላይ ቀረን።

መምህር ነኝ፦
እህቴ፣ የልጅሽ ማባዛትም መቀነስም እንከን የለበትም። ችግሩ 15 በመቶውን ያወጣው ከማይወጣበት ቁጥር ላይ መሆኑ ነው። ታክሱ የሚታሰበው ነጋዴው ካወጣው ዋጋ ላይ ነው፤ እሱ ግን ታክሱ ከገባበት ከ1,840 ላይ አሰበው። እንዲህ ይሥራው፦
ታክስ ያልገባበት ዋጋ 100 እጅ ነው፣ ታክሱ 15 እጅ። ገዢው የከፈለው 115 እጅ ማለት ነው።
115 እጅ = 1,840 ብር
አንዱ እጅ = 1,840 ÷ 115 = 16 ብር
100 እጅ = 16 × 100 = 1,600 ብር
የዮኒ 1.15ም ይኸው ነው፤ 115 ለ100 ሲካፈል።
አሁን የራሱን መልስ ይፈትነው። የ1,564 15 በመቶ 234.60 ነው፤ ሲደመር 1,798.60። 1,840 አልሞላም። የ1,600 ግን 240 ነው፤ ሲደመር ልክ 1,840። ይህን በእጁ ሠርቶ ቢያየው ከእኔ ማብራሪያ ይበልጥ ይገባዋል።

የሒሳብ ሠራተኛ፦
ይሄን ስህተት ሥራ ቦታ ትልልቅ ሰዎችም ይሠሩታል፣ አይዞት በይው። ታክሱን ብቻ ለማወቅ አቋራጭ አለ፦ ጠቅላላውን ለ23 አካፍሎ በ3 ማባዛት። 1,840 ÷ 23 = 80፣ 80 × 3 = 240። (15/115 ሲቃለል 3/23 ስለሚሆን ነው።) ቫት ያለበት የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ቤት ካለም ስጪው፤ ከታክስ በፊት ያለው፣ ታክሱና ድምሩ ለየብቻ ስለሚታተሙ ድምሩን ብቻ አይቶ ሠርቶ ያመሳክር።

መምህር ነኝ፦
ደረሰኙ ጥሩ ሐሳብ ነው። አቋራጩን ግን ለጊዜው ባይዘው እመርጣለሁ፤ ታክሱ 15 በመቶ ካልሆነ 3/23 አይሠራም፣ ልጆች ደግሞ በቃል የያዙትን ሁሉም ቦታ ይጠቀሙበታል።

የአዳማዋ እናት፦
ገባው! የሚቀጥለውን ብቻውን ሞከረ፦ «25 በመቶ ቅናሽ የተደረገበት ቦርሳ 900 ብር ተሸጠ። ከቅናሹ በፊት ዋጋው ስንት ነበር?» 900 ÷ 125 = 7.20፣ ስለዚህ 720 ብር አለ። ልክ ነው?

ዮኒ፦
አይደለም። ተቀንሶለት 900 የሆነ ቦርሳ በፊት 720 ሊሆን አይችልም፣ ከ900 መብለጥ አለበት።

መምህር ነኝ፦
ዮኒ እንዳለው፣ ሳያሰላ በፊት መልሱ ከተሰጠው ቁጥር ይበልጣል ወይስ ያንሳል ብሎ ራሱን ይጠይቅ። እዚህ 100 እጁ ላይ የተጨመረ የለም፤ 25 እጅ ተነሥቶለታል። ስንት እጅ ቀረ? ከዚያ ወዲያ ያለውን እሱ ይጨርሰው።

የአዳማዋ እናት፦
75 እጅ አለ። 900 ÷ 75 = 12፣ 12 × 100 = 1,200 ብር። ማረጋገጫም ጨመረበት፦ የ1,200 25 በመቶ 300፤ 1,200 − 300 = 900።

መምህር ነኝ፦
ልክ ነው። ማረጋገጫውንም ደብተሩ ላይ ያስፍረው።