ኬዲቢ ላይ የጨመርኩት ትዕዛዝ ከርነሉን ይጥለዋል፣ ሜሞሪው ላይ ምን አጠፋሁ?

ቱሉዲምቱ_12፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ ትንሽ የሊኑክስ ከርነል ሞጁል እየጻፍኩ ነው። ሞጁሉ ኬዲቢ ላይ፣ ማለትም ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ባለው ዲበገር፣ በስህተት መፈለጊያው ላይ፣ አንድ አዲስ ትዕዛዝ ይጨምራል። ስራው ቀላል ነው፤ ሞጁሌ የያዛቸውን መዝገቦች ከሊንክድ ሊስት (እያንዳንዱ መዝገብ የሚቀጥለውን አድራሻ ከሚይዝበት ዝርዝር) ላይ አንድ በአንድ ያትማል።

ሁለት ችግር ገጠመኝ። አንደኛ፣ ኬዲቢ ገብቼ ሄልፕ ስል ትዕዛዞቹ ይዘረዘሩና የእኔ ጋ ሲደርስ ይወድቃል። ሬጅስተሮቹ ላይ 6ቢ6ቢ6ቢ6ቢ የሚል ተደርድሮ አየሁ። ይሄ የሚታየኝ የስላብ (የከርነሉ ሜሞሪ መዳቢ) ማረሚያውን ቡት ላይ ስከፍተው ብቻ ነው። ካልከፈትኩት ምንም ሳይል ያልፋል።

ሁለተኛው ይብሳል። ማሽኑ ስራ ፈት ሲሆን ትዕዛዙ ይሰራል፤ ጎን ለጎን ኮምፓይል እያደረግኩ ከጠራሁት ግን ድርቅ ይላል፣ ኪቦርዱም አይመልስም።

አጻጻፌ እንዲህ ነው። ኢኒት (ሞጁሉ ሲጫን የሚሮጠው ክፍል) ውስጥ ለትዕዛዙ ስትራክቸር በኬዝአሎክ ሜሞሪ እመድባለሁ፣ ስሙንና ፈንክሽኑን ሞልቼ ኬዲቢ ሬጂስተርን እጠራለሁ፣ ከዚያ ሜሞሪ እንዳይፈስ ብዬ ኬፍሪ አደርገዋለሁ፣ ማለትም እለቀዋለሁ። ትዕዛዙ ሲጠራ ደግሞ ለሚታተመው ጽሁፍ 4 ኪሎባይት በጂኤፍፒ ከርነል፣ በተለመደው የሜሞሪ አመዳደብ፣ እወስዳለሁ። እኛ ሰፈር ማታ ማታ መብራት ስለሚጠፋ ከርነሉን ደጋግሞ ኮምፓይል ማድረግ ከባድ ነው፣ በግምት ከመሞከር ምክንያቱን ባውቀው ብዬ ነው።

የኮዬ_ልጅ፦
እህቴ፣ የመጀመሪያው መልስ እዚያው ጥያቄሽ ውስጥ አለ። 6ቢ የስላብ አለኬተሩ ፍሪ የተደረገ ሜሞሪ ላይ የሚቀባው ምልክት ነው። 5ኤ ብታዪ ኖሮ ተመድቦ ገና ያልተሞላ ሜሞሪ ነበር። ስለዚህ 6ቢ6ቢ6ቢ6ቢ ያለ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ካየሽ አንድ ሰው የተለቀቀ ሜሞሪ እያነበበ ነው። እዚህ ጋ የሚያነበው ራሱ ኬዲቢ ነው።

ኬዲቢ ሬጂስተር ስትራክቸርሽን ኮፒ አያደርግም። አድራሻውን ወስዶ የትዕዛዞቹ ሊስት ላይ ይሰቅለዋል፣ በቃ። አንቺ አድራሻውን ሰጥተሽ ቤቱን አፈረስሽው። ማረሚያው ሲጠፋ የሚያልፈው እዚያ ቦታ ላይ ገና ሌላ ነገር ስላልተጻፈበት ነው፣ እንጂ ደህና ሆኖ አይደለም። ይሄን ልብ በይ፣ እኔን ሁለት ሳምንት ያንከራተተኝ እንዲህ ያለው "ይሰራል" ነው።

ስትራክቸሩን ስታቲክ አድርጊው፣ ማለትም ሞጁሉ እስካለ ድረስ የሚኖር። ከከርነሉ ሶርስ ጋር ሳምፕልስ ፎልደር ውስጥ የኬዲቢ ሄሎ ምሳሌ አለ፣ ልክ እንደዚያ ነው የተጻፈው። ኤግዚት ላይ ኬዲቢ አንሬጂስተር መጥራትም አትርሺ። ካለዚያ ሞጁሉን ስታወጪው ሊስቱ ላይ የሚቀረው አድራሻ ያው የፈረሰ ቤት ነው።

አያት_49፦
ለሁለተኛው፣ ጂኤፍፒ ከርነል እንቅልፍ ሊወስደው ይችላል፣ ዲበገር ውስጥ ደግሞ መተኛት ክልክል ነው። ወደማይተኛው ጂኤፍፒ አቶሚክ ቀይሪውና ያልቃል።

ሰበታ_ተርሚናል፦
@አያት_49 አያልቅም ወንድሜ፣ ግማሹን ነው የነገርካት። አቶሚክ እንቅልፉን ያስቀራል፣ ሎኩን (አንዱ ሲፒዩ ሲይዘው ሌላው እስኪለቀቅ የሚጠብቀውን ቁልፍ) ግን አያስቀርም።

ኬዲቢ ሲገባ ምን እንደሚሆን እንየው። አንዱ ሲፒዩ ዲበገሩን ይይዛል፣ ሌሎቹ ባሉበት እንዲቆሙ ይታዘዛሉ። ኤክስ86 ላይ ትዕዛዙ የሚሄደው ኢንተራፕት ቢዘጋ እንኳ በማይታገደው በኤንኤምአይ ነው። ስለዚህ ማንኛውም መስመር ላይ ሊቆሙ ይችላሉ። ኮምፓይል እየተደረገ እያለ ደግሞ ሲፒዩዎቹ ሜሞሪ ይመድባሉ፣ ይለቃሉ። አንዱ የአለኬተሩን ሎክ እንደያዘ ከቆመ፣ ዲበገሩ ያለበት ሲፒዩ ያንን ሎክ ሲጠብቅ ይኖራል። የሚለቅለት የለም። ስራ ፈት ማሽን ላይ የሚሰራልሽ ሎኩን የያዘ ስለማይኖር ነው።

ኬዲቢ ራሱ በአንድ ወቅት 256 ኪሎባይት የራሱ ስታቲክ ሜሞሪ ይዞ ከዚያ ነበር የሚመድበው። አንቺ ግን አለኬተር አያስፈልግሽም። 4 ኪሎባይቱን ኢኒት ላይ አንዴ ያዢው፣ ኤግዚት ላይ ልቀቂው። ከቻልሽ ደግሞ ባፈሩንም (4 ኪሎባይቱን ራሱን) ተይው፣ እያንዳንዱን መዝገብ በቀጥታ በኬዲቢ ፕሪንትኤፍ አትሚ።

ሳትጠይቂ የቀረሽው ሶስተኛ ነገር ሊስቱ ነው። የሊስቱን ሎክ እዚያ ውስጥ መያዝ አትችዪም፣ ያው ወጥመድ ነው። ያለ ሎክ ስታነቢው ደግሞ አንዱ ሲፒዩ ሊስቱን እየቀየረ ግማሽ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ፖይንተሩን ዝም ብለሽ አትከተዪ። በኮፒ ፍሮም ከርነል ኖፎልት አንብቢው፤ አድራሻው የተበላሸ ከሆነ ስህተት ይመልሳል እንጂ አይወድቅም። ሊስቱ ዞሮ ራሱ ላይ እንዳይመጣ በቁጥር ገደብ አብጂለት።

የኮዬ_ልጅ፦
ሰበታ ያለው ልክ ነው። ባፈሩን ካልተውሽው ጽሁፍ ኮፒ ስታደርጊበት የምትሰጪው ርዝመት የመድረሻውን ነው፣ የመነሻውን አይደለም። ኬዲቢ ራሱ ውስጥ ይሄ ስህተት ነበር። ታብ ስትጫኚ የሲምቦሉን ስም ሲያሟላ ለስትርኤንኮፒ (ጽሁፍ ኮፒ ለሚያደርገው ፈንክሽን) የሚሰጠው የመነሻውን መጠን ነበር፣ ስለዚህ ትዕዛዝ የሚጻፍበት ባፈር ሞልቶ ከርሰሩ መሀል ላይ ካለ ከባፈሩ ውጭ ይጽፋል። የታረመው በ2024 ነው። ስትርኤንኮፒውን አውጥተው በሜምሙቭና በሜምኮፒ ተኩት፣ ከመጻፉም በፊት ቦታ መኖሩን እንዲያይ አደረጉ።

ካሳንንም፣ የከርነሉን የሜሞሪ ስህተት መያዣ፣ ክፈቺው። የሜሞሪውን አንድ ስምንተኛ ይወስዳል፤ ቨርችዋል ማሽንሽ 2 ጊጋ ከሆነ 256 ሜጋ ማለት ነው፣ ይቻላል። ኮንፊጉ ስለሚቀየር አንዴ ከርነሉን በሙሉ ኮምፓይል ታደርጊያለሽ። ከዚያ በኋላ የምትነኪው ሞጁሉን ብቻ ነው።

ቱሉዲምቱ_12፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ስትራክቸሩን ስታቲክ አደረግኩት፣ ሄልፕ እስከ መጨረሻው ወረደ፣ 6ቢ የለም። ባፈሩን አውጥቼ በቀጥታ እያተምኩ ነው። በአራት ሲፒዩ ኮምፓይል እያስኬድኩ ሃያ ጊዜ ያህል ጠራሁት፣ አንዴም አልደረቀም።

የሊስቱን ንባብ ገና ወደ ኖፎልት አልቀየርኩትም። መሀሉ ላይ አንዱን ፖይንተር ሆን ብዬ አበላሽቼ ልሞክረው ነው። ካሳን ያለበትን ከርነል ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ እጀምረዋለሁ፣ ያኔ መብራቱ ይረጋል።