የልጆች ግጥምና የቃላት ጨዋታ፦ ለጋራ ዕቅዳችን የቀረበ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ከ8 እስከ 11 ዓመት ለሆኑ አንባቢዎች የምናዘጋጀውን መርሐ ግብር የሚመለከተው የዕቅድ ረቂቅ ደርሷችኋል። በረቂቁ መሠረት የቃላት ጨዋታ ያላቸው ግጥሞች በ300 ቅጂ ታትመው በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በእንጅባራ ለሚገኙ ልጆች ይታደላሉ። አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

የሦስተኛ ክፍል መምህርት፦
ማተሙን አልቃወምም፤ ማደሉ ብቻውን ግን አይበቃም። ፊደላችን ጠብቆ የሚነበበውን ላልቶ ከሚነበበው አይለይም፤ የልጆች ቀልድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚደበቀው እዚያው ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት «ሰፊው ሰፊ ሰፊ ሱሪ ሰፋ» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና አንዱን ልጅ አስነበብኩት። ሦስቱንም አጥብቆ አነበባቸውና ግራ ገብቶት ዝም አለ። ሁለተኛውን አላልቼ ሳነብለት ግን ልብስ ሰፊው ከነመርፌው ብቅ አለለት፤ ክፍሉም በሳቅ ተሞላ። ስለዚህ እያንዳንዱ ግጥም ጥራዙ ከመታደሉ በፊት ለልጆቹ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ የሚያዝ አንቀጽ ይጨመርልኝ።

በቅኔ ቤት ያደጉ አባል፦
እኅታችን ያነሱት ነገር ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን በልቡ ቆጥሮ፣ ማለትም አዘጋጅቶ፣ ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል እንጂ ጽፎ አያቀርብም፤ ጀማሪውም የሚነሣው ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ብቻ ካላት ጉባኤ ቃና ከምትባል የቅኔ ዓይነት ነው። ልጆቻችን የግዕዝ ቅኔ ይቁጠሩ ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ልጅ በአማርኛ ሁለት ስንኝ በቃሉ ሠርቶ ቢናገር፣ ከተሰጠው ጥራዝ ይልቅ የራሱ ስንኝ አብሮት ይቆያል። በተጨማሪም በረቂቁ ውስጥ ያለው «እያንዳንዱ ግጥም ምክር ይኑረው» የሚለው ሐረግ ይውጣ፤ ምክሩ ሲመጣ ጨዋታው ይሸሻል።

የእንጅባራ አባል፦
በእኛ በኩል ብዙዎቹ ልጆች አፋቸውን የፈቱት በአዊኛ ነው፤ በትምህርት ቤትም የሚጀምሩት በእርሱ ነው። በ«ሰፊ» ላይ የተሠራ ጨዋታ ወደ አዊኛ ቢተረጎም ምንም አይቀረውም። ትርጉሙ ይቅርና፣ ከአዊኛ ተናጋሪ ሽማግሌዎችና እናቶች የልጆች ጨዋታ የምንሰበስብበት ጥቂት ገንዘብ ይመደብልን።

መምህርት፦
ይህንን እደግፋለሁ። የንባቡን መክፈቻ በተመለከተ ወጪ የሌለው «እንቆቅልህ፣ ምን አውቅልህ» ይሁን። ፍቺው የጠፋው ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል፣ የእኔ ተማሪዎች ደጀንን ይሰጣሉ እንጂ ደብረ ማርቆስን ለማንም አይለቁም። ከአገር ስጦታው በኋላ የሚከተለው ስድብ ይቅር ወይስ ይቀጥል የሚለውን ግን እናንተ ወስኑ፤ እኔ በልጅነቴ የምጠብቀው እርሱን ነበር።

ጸሐፊው፦
የቀረበውን ሁሉ ይዤ ረቂቁን እንደሚከተለው አሻሽያለሁ። ቅጂው ወደ 120 ወርዶ የተረፈው ገንዘብ ግጥሞቹን ለልጆቹ ጮክ ብለው ለሚያነቡት ሰዎች መጓጓዣና ለአዊኛው ስብስብ ይውላል፤ የምክሩ ሐረግ ወጥቷል፤ የሁለት ስንኙ ሐሳብ ገብቷል። በኅዳርና በታኅሣሥ የገጠር ልጆች በአጨዳና በከብት ጥበቃ ስለሚያዙ የመጀመሪያው ንባብ በየካቲት ይሁን። ስድቡን በተመለከተ በጽሑፍ ባናሰፍረው ይሻላል፤ ልጆቹ እንደሆነ ሳንነግራቸውም ያውቁታል። የእንጅባራ አባላት የወጪ ዝርዝራችሁን እስከ ዓርብ ላኩልኝ።