እማዬ ስኳር አለባት፣ ዐቢይ ጾምን ካልጾምኩ ትላለች። ምን ላድርግ?

የጎፋዋ፦

ሰላም ቤቶች። እናቴ ደብረ ብርሃን ናት፣ እኔ አዲስ አበባ። ስልሳን አልፋለች። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ቆይቷል። ኪኒኗ ሁለት ነው፤ ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ፣ ግሊቤንክላማይድ ደግሞ ጠዋት ብቻ።

የነነዌ ጊዜ ጉድ ሊያደርገን ነበር። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሁለቱንም ኪኒን በውሃ ዋጠች። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፣ ሰገደች። 6 ሰዓት ሲሆን ላብ አጠመቃት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ የጎረቤቷን ስም ጠፋባት። አጠገቧ የነበሩት ጠበል አጠጧት፣ አንዷ ደግሞ ከቦርሳዋ ከረሜላ አውጥታ አፏ ውስጥ አደረገችላት። ትንሽ ቆይታ ነቃች። አሁን ስጠይቃት «ድካም ነው» ብላ ትዘጋኛለች።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው። 55 ቀን! እሷ እንደ ወትሮው እስከ 9 ሰዓት ልትጾም ነው። «ሰው ምን ይለኛል» ሳይሆን የእውነት ነው የምትጾመው፣ ስለዚህ ዝም ብዬ «ተይ» ብላት አትሰማኝም። ደግሞ የሚገርመኝ፣ ስጋና ቅቤ በሌለበት ጾም ስኳሯ ይወርዳል ብዬ ስጠብቅ ማታ ማታ ከፍ ይላል። አምና ሁዳዴ ላይ ከምግብ በኋላ 260 ታይቶባታል። ጣፋጭ ነገር አትነካም፣ ሻይዋ ላይ ካልሆነ። ተመሳሳይ ነገር ያለፋችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ።

አቤል ሰፈር፦

አይዞሽ እህቴ። የጤፍ እንጀራ ብቻ ትብላ፣ ጤፍ ስኳር የለውም። የሽፈራው ቅጠል በሻይ መልክ ጠዋት ጠዋት ብትጠጣ ደግሞ ኪኒኑን ሁሉ ትተወዋለች። የአክስቴ ባል እንደዛ ነው የዳነው።

ነጭ ጋውን፦

ጤና ጣቢያ ውስጥ የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ላይ የምሠራ ነርስ ነኝ። እናትሽ ያጋጠማት ድካም አይመስለኝም። ስኳሯ ወርዶ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ግራ መጋባት የታወቁ ምልክቶች ናቸው። በከረሜላ መንቃቷ ራሱ ይናገራል። ከረሜላ የሰጠቻትን ሴትዮ አመስግኑልኝ።

ጥፋተኛው በብዛት ግሊቤንክላማይድ ነው። ይሄ ኪኒን ቆሽትን ኢንሱሊን (የደም ስኳር የሚያወርደውን ሆርሞን) አመንጪ ብሎ ይገፋል፤ ሰውየው ይብላ አይብላ አያውቅም። ጉልበቱም ቀኑን ሙሉ ይቆያል። ዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ደግሞ ይጠነክራል። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ እንዲህ ብዙ አያወርድም፣ ግን ባዶ ሆድ ላይ ጨጓራ ስለሚረብሽ ከምግብ ጋር ነው የሚዋጠው። ያንቺ እናት ግሊቤንክላማይዷን ዋጠች፣ አልበላችም፣ በላዩ ላይ ሰገደች። ስግደት የምር ስፖርት ነው። ጡንቻ ሲሠራ ስኳር ከደም ይወስዳል። ሦስቱ ሲገናኙ ነው የወደቀችው።

ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪም ጋ ውሰጃት። ኪኒኗን ራሷ እንዳትተው፣ አንቺም እንዳትቀንሺባት። ሐኪሙ ሰዓቱን ሊያዞር፣ መጠኑን ሊቀንስ ወይም በሌላ ሊቀይረው ይችላል። የኩላሊት ምርመራም ይታይላት፣ ምክንያቱም ኩላሊት ሲደክም መድኃኒቱ ቶሎ አይወጣም።

እንደገና ከመጣባት፦ መለኪያ ካለ ትለካ፣ ከ70 በታች ከሆነ ጾም እዚያው ያበቃል። 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጧት፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ (ዜሮ የሚለውን አይደለም)። 15 ደቂቃ ጠብቁና እንደገና ለኩ። ከዚያ ምግብ ትቅመስ። መለኪያ ከሌለም ምልክቱ ካለ ስኳሩን ስጧት፣ አትጠብቁ። ራሷን ከሳተች ግን ምንም በአፏ እንዳታደርጉ፣ ሊያንቃት ይችላል። በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም።

አቤል ወንድሜ፣ በቅንነት ነው ያልከው፣ ግን ጤፍ ውስጥ የሌለው ግሉተን የሚባለው የስንዴ ፕሮቲን ነው። ስታርች ግን ሞልቶታል፣ እሱ ደግሞ ሆድ ውስጥ ገብቶ ስኳር ይሆናል። ኪኒን በሽፈራው የተኩ ሰዎችን እግራቸው ቆስሎ ሲመጡ እኔ ነኝ የማጥበው። ቅጠሉን እንደ ጎመን ይብሉት፣ ችግር የለም።

ልብስ ሰፊው ከደሴ፦

ልጄ፣ ነርሷ ዋናውን ብላዋለች። እኔ የምጨምረው «ጾም ነው፣ ማታ ለምን ከፍ ይላል?» ላልሽው ነው። እኔም ስኳር አለብኝ፣ እኔም እጾማለሁ። ቀኑን ሙሉ ሲንጀር መኪና ላይ ተቀምጬ የምውል ሰው ነኝ።

ጣቴን መርፌ ሲወጋው ድሮም ለምጄዋለሁ። ስለዚህ ልጄ የስኳር መለኪያ ሲገዛልኝ እንደሌላው ሰው አልፈራሁም። ምግብ ከመብላቴ በፊት እለካለሁ፣ ከበላሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ እለካለሁ፣ በልብስ መለኪያ ደብተሬ ከኋላ ገጽ ላይ እጽፋለሁ። የደንበኞቼ ትከሻና ወገብ ከፊት፣ የኔ ስኳር ከኋላ። ያ ደብተር ያስተማረኝን ማንም አላስተማረኝም።

እስቲ ሁለቱን ልንገርሽ። በጾም ከ9 ሰዓት በኋላ ፓስታ በዳቦ በላሁ፣ ላዩ ላይ ድንች ነበረው፣ ከዚያ ስኳር ያለው ሻይ። ሁሉም የጾም ነው፣ አንዲት ጠብታ ዘይት እንኳ አልበዛበትም። ስገባ 121 የነበረው 248 ሆነ። በሌላ ቀን ግማሽ እንጀራ በምስር፣ ከጎኑ ብዙ ጎመንና ፎሶሊያ፣ ሻይ በቀረፋ ያለ ስኳር። ከ126 ተነስቶ 168። ሐኪሜ ከምግብ በኋላ ከ180 በታች ከሆነ ጥሩ ነው ይለኛል።

አየሽ፣ ሰው ስኳር ሲባል ማንኪያ ላይ ያለውን ነጩን ነው የሚያስበው። እናትሽም «ጣፋጭ አልነካም» የምትለው ለዚህ ነው። የጾም ገበታችንን ግን አስቢው። ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ድንች፣ አምባሻ፣ ሳምቡሳ። ቅቤና ስጋው ሲወጣ ቦታውን የሚይዘው ስታርች ነው። ቀኑን ሙሉ የራበው ሰው ደግሞ 9 ሰዓት ላይ እንደ ሰው አይበላም፣ እኔን ጨምሮ! መጀመሪያ ያገኘውን ነው የሚጎርሰው። ያንን መጀመሪያ የሚገኘውን መቀየር ነው ጨዋታው። እኔ ቤት ጎመኑና ሰላጣው ቀድሞ ይቀርባል። በሹካ እበላዋለሁ። ባለቤቴ «ፈረንጅ መጣ» ትለኛለች። ከዚያ በኋላ ነው እንጀራው የሚመጣው፣ ያን ጊዜ ረሃቡ ረግቧል።

ሽሮ እንዳትከለክይያት። ሽምብራና አተር ነው፣ ምስርም እንደዚያው፣ ቀስ ብሎ ነው ወደ ደም የሚገባው። የሚበዛው እንጀራው ነው። ወጡን ጨምሪ፣ እንጀራውን ቀንሺ። ሱፍ ፍትፍት የምትወድ ከሆነ ሱፉ ሳይሆን ፍትፍቱ ነው መቁጠር ያለባት። ጁስ ቤት ደግሞ አትውሰጃት፤ ብርቱካኑን ራሱን ትብላው እንጂ ጭማቂውን አትጠጣው። ማርም «የተፈጥሮ ነው» እየተባለ ይሰጣታል፣ መለኪያው ግን ተፈጥሮ አያውቅም።

ከበላች በኋላ ትንሽ ትራመድ። እኔ ከምሳ በኋላ ሱቄን ለልጁ ትቼ እስከ ፒያሳ ወርጄ እመለሳለሁ። የደሴ ዳገት መሆኑን አትርሺ። ባልበላሁበት ሰዓት ግን አልሞክረውም። ሱሪዬ ከ104 ወደ 97 ወርዷል፣ እኔው ራሴ ነኝ ያጠበብኩት።

እግሯን ደግሞ አደራ። ስኳር ሲቆይ የእግር ስሜት ይሞታል። ቤተ ክርስቲያን ጫማ ይወለቃል፣ ጠጠር ቢወጋት አትሰማም። ወፍራም ካልሲ አድርጋ ትግባ። ማታ የውስጥ እግሯን ትይ፣ ጎንበስ ማለት ካቃታት መስታወት መሬት ላይ ታስቀምጥ። ብርድ ነው ብላም እግሯን ከሰል ጋ እንዳታስጠጋ፣ ደብረ ብርሃንን አውቀዋለሁ።

የሜሪላንዷ፦

ጋሼ ደብተርዎን ወደድኩት። አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማያወራው። እናቴ እዚህ ከኔ ጋር ነው የምትኖረው፣ ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመት ወስዳለች፣ የአዋጅ ጾም አንዱም አያመልጣትም። እግሯ ይደነዝዛት ነበር። ሁላችንም «ያው ስኳሩ ነው» ብለን ተቀመጥን። ሐኪሟ ግን የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ አዘዘላት፣ በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሜትፎርሚን ሲቆይ ቢ12ን ሊቀንስ ይችላል። ቢ12 ደግሞ በተፈጥሮ ያለው ስጋ፣ እንቁላልና ወተት ውስጥ ነው። ዓመቱን ግማሽ የሚጾም ሰው ከሁለቱም ወገን ተመታ ማለት ነው። የእናትሽን ቢ12 ለሐኪሙ አንሺለት። የኔዋ መርፌ ተሰጣትና ድንዛዜው በደንብ ቀለላት።

ሌላ፣ እንግሊዝ አገር ያለ ዘመድ ቁጥር ከላከላችሁ እንዳትደነግጡ። እነሱ ስኳርን በሌላ አሃድ ነው የሚለኩት፤ «7» ሲሉ በኛ 126 ነው። በ18 አባዙት።

ከኮምቦልቻ፦

ለሙስሊሞችም ያው ነው እህቴ። አባቴ ረመዷን ከመግባቱ በፊት ሻዕባን ላይ ሐኪም ጋ ይቀርባል። ኪኒኑ ወደ ኢፍጣር ይዞርለታል። ቴምሩ ሦስት ብቻ፣ ሳምቡሳው ደግሞ ድርድር አለበት፣ ያ ገና አላለቀም። ጣት ወግቶ መለካት ጾም እንደማያፈርስ ኢማማችን ነግረውታል፣ ስለዚህ ቀን ቀንም ይለካል። ዝቅ ካለ ያፈጥራል። በሽተኛ በሌላ ቀን ይክፈል ተብሏል እኮ፣ እሱም ካልቻለ ሚስኪን ያበላል።

የጎፋዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ሄጄ ወሰድኳት። ሐኪሙ ግሊቤንክላማይዱን አቆመላት፣ ሜትፎርሚኑን ከምግብ ጋር አድርጎ አስቀጠለው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንድትመለስ ቀጠራት። የሦስት ወር አማካይ ስኳሯን የሚያሳየው ምርመራ (HbA1c) 8.1 በመቶ ነው። ከ7 በታች ቢሆን ይመረጥ ነበር አለ፣ ግን በዕድሜዋ ከመውደቅ ትንሽ ከፍ ብሎ መቆየት ይሻላል ብሏታል። ቢ12ም ታዘዘላት፣ ውጤቱ አልመጣም።

ሐኪሙ ያላትን ሁሉ «እሺ» ብላ ወጣችና በር ላይ «እጾማለሁ» አለችኝ! ከዚያ የንስሐ አባቷ ጋ ሄድን። እሳቸው አልተከራከሩም። «ከስጋና ከወተቱ ጹሚ፣ ሰዓቱን ግን ለመድኃኒትሽ ስትይ ጠዋት ቅመሺ፣ ስግደቱንም በጸሎት ተኪው» አሏት። ወዲያው ተስማማች። እኔና ሐኪሙ ግማሽ ቀን የለፋነው እሳቸው በሁለት ደቂቃ ጨረሱት።

ጋሼ ልብስ ሰፊው፣ አንድ ጥያቄ ለእርስዎ። መለኪያ ልገዛላት ነው። የቱ ይሻላል? ደግሞ ጣቷን መወጋት ትፈራለች።

ልብስ ሰፊው ከደሴ፦

ቄሱ ይባረኩ። መለኪያውን ሳይሆን ስትሪፑን (ደሙ የሚነካበትን ቁራጭ) ነው የምትገዢው ልጄ። መሣሪያው አንዴ ነው፣ ስትሪፑ ግን ያልቃል፣ ዋጋው ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ደብረ ብርሃን ያሉ መድኃኒት ቤቶችን ዙሪና የየትኛው መለኪያ ስትሪፕ ሁልጊዜ እንደሚገኝ ጠይቂ። ያንን ግዢ። ከውጭ በሻንጣ የመጣ ቆንጆ መለኪያ እኔም ነበረኝ፣ ስትሪፑ እዚህ ስለሌለ አሁን የልጅ ልጄ መጫወቻ ነው።

የጊዜ ማለፊያውን ሳታይ አትክፈዪ። የስትሪፑን ዕቃ ወዲያው ወዲያው ትክደነው፣ እርጥበት ያበላሸዋል፣ ወጥ ቤትም አታስቀምጠው።

ስትለካ እጇን በውሃ ታጥባ ታድርቅ። ብርቱካን የላጠ እጅ ስኳሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ከጣቷ ጫፍ መሃል ሳይሆን ከጎኑ ትውጋው፣ እዚያ ብዙም አያምም። በየቀኑ ጣት ትቀያይር። በቀን አራት ጊዜ መለካት አያስፈልጋትም፤ አንድ ቀን ጠዋት ባዶ ሆድ፣ ሌላ ቀን ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ እያፈራረቀች። ደከመኝ ወይም አላበኝ ካለች ግን ሰዓት አትጠብቅ።

ደብተሩን አትርሺ። የበላችውንም ከጎኑ ትጻፍ፣ ቁጥር ብቻውን ለሐኪሙ ብዙ አይነግረውም።