ከጅሬን ወይስ ከሂርማታ? የቅርስ ክበባችን የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልን። ለጅማ ከተማ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የምናስገባው ዕቅድ ወሩ ሳያልቅ መድረስ አለበት። ረቂቁ ለጊዜው «የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጉብኝትና ፎቶ» ይላል። ጨምሩበት፣ ቀንሱለት።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆች፣ ቤተ መንግሥቱ ያለበት ጅሬን ተራራ መውጣት እኔም ደስ ይለኛል፣ ጉልበቴ ከፈቀደ። ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር የምንወስደው እዚያ አይደል? እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ብዙ ተጽፎላቸዋል። ያልተጻፈለት ከተራራው ሥር የነበረው ሰው ነው። ሂርማታን አስቡት። ጅማ እንዲህ ከተማ ከመሆኗ በፊት ሂርማታ የሐሙስ ገበያ ነበር። ቡናው፣ ማሩ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ የሚራገፈው እዚያ ነው። ዛሬም ሐሙስ ሐሙስ ባጃጅ የሚጠፋው ለምን እንደሆነ የጠየቀ ልጅ አላየሁም።

የሂሳብ ሹሟ፦ መምህር ልክ ናቸው። እናቴ ሃያ ዓመት ቡና ለቅማለች። መጋዘን ውስጥ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ጥቁሩን ከደህናው እየለየች። «ጅማ በቡና ቆመች» እንላለን፣ ለቃሚዎቹን ግን ማንም አላነጋገረም። እኔ እነሱ ካልገቡበት ዕቅዱ ላይ አልፈርምም። ደግሞ ከመስከረም አይለፍ። ቡና ከደረሰ ማንንም ማግኘት አይቻልም።

አናጢው፦ የኛስ ነገር? ሦስት እግሩን በርጩማ ሁሉም ቤቱ አስቀምጦታል። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ እንደሚወጣ፣ ሚስማር የሚባል ነገር እንደማያውቅ ለልጆቹ ላሳያቸው። ንግግር አልችልም፣ በእጄ ግን አሳያለሁ።

ወጣቱ አባል፦ አንድ ነገር ልጨምር። አያቴ አማርኛ ይሰማሉ፣ ወሬያቸው ግን የሚጥመው በአፋን ኦሮሞ ነው። በአማርኛ ብጠይቃቸው «ደህና ነበር» ብለው ዝም ነው። ስለዚህ ሁሉም በሚቀናው ቋንቋ ይቀዳ፣ ትርጉሙ በኋላ ይሠራ።

ጸሐፊ፦ ገብቷል። ጅሬን ከዕቅዱ አልተሰረዘም፣ ወደ መጨረሻው ቀን ሄዷል።

ሰብሳቢዋ፦ ከባዱን ነገር እኔ ላንሳው። ሂርማታ ላይ ሰውም ይሸጥ ነበር። እሱን ዘለን ስለ ማርና ስለ ዝባድ ብቻ ካወራን ታሪክ ሳይሆን ማስታወቂያ ሠራን ማለት ነው።

መምህር፦ ይግባ እንጂ፣ እመቤቴ። አንድ ጥንቃቄ ግን እለምናለሁ። ማንንም ሰው ፊት «አያትህ ማን ነበሩ፣ ከየት መጡ» ብላችሁ እንዳትጠይቁ። በዘር መነካካት ቁስሉ ዛሬም አልሻረም። ስለ ገበያው ጠይቁ፣ ሰውየው ከፈለገ ራሱ ይነግራችኋል።

ወጣቱ አባል፦ የጣሊያን ቤቶቹስ? አሮጌ እየተባሉ ሲፈርሱ እያየን ነው።

መምህር፦ ጥሩ አነሳህ። ያን ዘመን ያዩት ሰዎች ግን ከቤቶቹም በላይ ያስቸኩሉናል። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሡ አዲስ አበባ ሲገቡ ጅማ ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። ነፃ የወጣችው ሰኔ ላይ ነው። በመሃል ያሉትን ሳምንታት እዚህ ሆኖ ያየ ልጅ ዛሬ ዘጠናውን አልፏል። ቤቱን ነገም ፎቶ ታነሳዋለህ። ሰውየውን ግን ነገ ላታገኘው ትችላለህ።

ሰብሳቢዋ፦ እንግዲያው ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። መጀመሪያ አዛውንቶቹ።

ጸሐፊ፦ የተስተካከለው እንዲህ ይነበባል። በመስከረም ስምንት አዛውንት በየቤታቸው ይቀዳሉ፣ ከነሱ ሦስቱ ቡና ለቃሚ የነበሩ እናቶች ናቸው። ድምፁ ከመቀዳቱ በፊት ፈቃድ ይጠየቃል፣ ቅጂውም ለባለቤቱ ይሰጣል። ከዚያ ከአዌቱ ወንዝ ድልድይ እስከ ገበያው የእግር ጉዞ፣ የአናጢው ትርኢት፣ በመጨረሻም ጅሬን። የቤቶቹ ፎቶ በነዋሪዎቹ ፈቃድ ይነሳል። ወጪያችን የባጃጅ፣ የስኳርና የቡና፣ አንድ ሚሞሪ ካርድ። ባዶ እጅ ሰው ቤት አይገባም።

የሂሳብ ሹሟ፦ ስኳሩን እኔ አመጣለሁ፣ ከመዝገቡ አውጡት።

ጸሐፊ፦ የመጀመሪያው ቀጠሮ ሐሙስ ይሁን?

መምህር፦ ሐሙስ! ሐሙስማ ገበያ ነው፣ ማንን ልታገኝ? ዓርብ ደግሞ ጁምዓ አለ። ከአዛውንቶቹ አንዱን፣ ሐጂን፣ ማክሰኞ ከዙህር በኋላ ብያቸዋለሁ።