ዊቸር 2፦ ለአዮርቬት ሰይፉን ልመልስለት ወይስ ከሮሽ ጎን ልቁም?

ጥያቄ፦ ናቲ_ጉለሌ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ቦታ ላይ ከቆምኩ ሁለት ቀን ሆነኝ፤ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል።

የምጫወተው ዊቸር 2ን ነው። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ስለሆነ አሮጌው ላፕቶፔ እንደምንም ይሸከመዋል። ላልተጫወታችሁት ባጭሩ ላስረዳ፦ ጌራልት የሚባለው ጭራቅ አዳኝ የተሜሪያን ንጉሥ ፎልቴስትን ገደልክ ተብሎ ይታሰራል። ገዳዩ ግን ሌቶ የሚባል ሌላ ሰው ነው። የንጉሡ ልዩ ጦር አዛዥ ቨርነን ሮሽ ቃሉን አምኖ ከእስር እንዲያመልጥ ይረዳዋል፤ ገዳዩንም ፍለጋ ፍሎትሳም ወደምትባል የወንዝ ዳር ከተማ አብረው ይሄዳሉ። ከተማዋ የሰው ናት፣ ዙሪያዋን ያለው ጫካ ደግሞ ስኮያታኤል የሚባሉት የኤልፍ (ጆሯቸው ሹል የሆነ የተረት ዘር) አማፂዎች ነው። መሪያቸው አንድ ዓይናው አዮርቬት ነው።

አሁን ያለሁት በድሮዎቹ ኤልፎች መታጠቢያ ፍርስራሽ ውስጥ ነው። ሌቶ አዮርቬትን እንደከዳው በገዛ ጆሮው እንዲሰማ፣ የማረክሁት አስመስዬ ይዤው ገባሁ። ነገሩ ተጣርቶ ሳያልቅ የሮሽ ወታደሮች ደረሱብን። አዮርቬት መሣሪያ የለውም። ጌሙ የሚጠይቀኝ፦ ሰይፉን ትመልስለታለህ ወይስ ትመታዋለህ? እኔም ዘግቼው ወጣሁ።

ሁለት ነገር ንገሩኝ። አንደኛ፣ እዚህ የመረጥኩት እስከ መጨረሻው ይከተለኛል? ሁለተኛ፣ ልቤ ከኤልፎቹ ጋር ነው፤ ግን ከገመድ ያዳነኝ ሮሽ ነው። ውለታ መብላት ሆነብኝ።

ሰላማዊት፦

ናቲ፣ ተረጋጋ፤ ሰይፉ መንገድህን አይቆልፍም። የሚቆልፈው ቆይቶ የሚመጣው ነው፦ ከፍሎትሳም ልትወጣ ስትል፣ ከሮሽ ጋር ሆነህ የከተማዋን አዛዥ ሎሬዶን ቤቱ ድረስ ሄደህ ለመግደል ወይም ከአዮርቬት ጋር የእስረኞቹን ጀልባ ለመንጠቅ ትወስናለህ። ሰይፉን ሰጥተኸው ከሮሽ ጋር መሄድ ይቻላል፤ መተኸውም ከአዮርቬት ጋር መሄድ ይቻላል።

ሆኖም ሰይፉ በፍሎትሳም ላይ የሚያመጣው ለውጥ አለ። ከመለስክለት ተዋግቶ ወደ ጫካው ያመልጣል፤ ወደ ከተማ ስትመለስ ሰዉ በኤልፉና በድዋርፉ (ቁመቱ አጭር የሆነ ሌላ የተረት ዘር) ጎረቤቱ ላይ ተነስቶ ታገኘዋለህ። ከመታኸው ይማረካል፤ ከተማው ጭፈራ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ጀልባው ላይ ታስሯል።

አሁን የምታደርገው፦ ሴቭህን (የደረስክበትን የሚያስቀምጠውን ፋይል) ገልብጥ። ዶኪዩመንትስ ውስጥ ዊቸር 2 የሚል ፎልደር አለ፤ በእሱ ውስጥ ጌምሴቭስ የሚለውን እንዳለ ፍላሽ ላይ አስቀምጠው። በሮሽና በአዮርቬት መካከል ከመምረጥህ በፊትም ድገመው። ሁለተኛው ምዕራፍ በሁለቱ መንገድ ፍጹም የተለያየ ነው፤ ቦታው፣ ሰዉ፣ ሥራው ሁሉ። አንዱን ብቻ ጨርሶ ጌሙን ተጫወትኩት የሚል ሰው ግማሹን አላየውም። ያ ቅጂ ከሌለህ ከመግቢያው ጀምረህ ትደግማለህ።

ላፕቶፑ የሚንተፋተፍብህ ከሆነ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ኡበርሳምፕሊንግ የሚለውን አጥፋው። እኔ እሱን ሳላውቅ አንድ ሳምንት ሙሉ ምስሉ እየተጎተተ ተጫውቻለሁ።

የጫካው_ቀስተኛ፦

ወንድሜ፣ ስጠው ሰይፉን!

ውለታ ላልከው እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን እነዚህ ኤልፎች ለምን ጫካ እንደገቡ እይ። ሰዎቹ ከመምጣታቸው በፊት አገሩ የእነሱ ነበር፤ አንተ የቆምክበት ፍርስራሽ የማን ይመስልሃል? በኋላ ከከተማ ተገፉ፣ በየከተማው ጥግ ተሰበሰቡ። ከደቡብ ኒልፍጋርድ የሚባለው ኃያል መንግሥት መጣና ከእኔ ጎን ተዋጉ አላቸው። ተዋጉ። ዶል ብላታና የምትባል ሸለቆም ለኤልፎች ተሰጠች። ጦርነቱ ሲያልቅና ሰላም ሲፈረም ግን ያ ኒልፍጋርድ የኤልፍ መኮንኖቹን ለሰሜን ነገሥታት አሳልፎ ሰጣቸው፤ ተገደሉ። አዮርቬት ከእነዚያ መኮንኖች የተረፈ ነው። ሌቶም ሲከዳው ያ ፊቱ ለምን እንዳልተገረመ አሁን ይገባሃል።

ሌላም አለ። በዚህ ዓለም ኤልፍ ልጅ የሚወልደው በወጣትነቱ ብቻ ነው። ከብዙ ዘመን በፊት ኤሊሬን የምትባል ሴት ወጣቶቹን አስከትላ ተነሳች፤ ከእሷ ጋር አለቁ። የቀሩት አብዛኞቹ መውለድ የማይችሉ ሽማግሌዎች ናቸው። ስለዚህ ጫካ ውስጥ አንድ ወጣት ቀስተኛ በወደቀ ቁጥር የሚጠፋው እሱ ብቻ አይደለም። ሎቢንደን መንደር ያለውን ሴድሪክን አነጋግረኸዋል? እሱም የጫካ ሰው ነበር፤ ተወውና አሁን መጠጥ ላይ ነው። ከእሱ ጋር ያለውን ንግግር ሳትቸኩል ስማው።

አዮርቬትን የምከተለው ስለሚያሳዝነኝ አይደለም። መንገዱ ወደ ቬርገን ስለሚወስድ ነው። ቬርገን የድዋርፎች ከተማ ናት፤ እዚያ ሳስኪያ የምትባል ሴት ሰውን፣ ድዋርፍንና ኤልፍን በአንድ ግንብ ላይ አቁማ የራሳቸውን አገር ልትመሠርት ትታገላለች። ዕድሜውን በሙሉ ሰው ሲያሳድድ የኖረ ኤልፍ ከሰው ልጆች ጋር ተሰልፎ ልሙት ሲል የምታየው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። እኔ የአዮርቬትን አመፅ ከዚህ በፊት እንደ በቀል ነበር ያየሁት። ቬርገን ስደርስ ግን መድረሻ አገኘለት።

ጋሽ ክንፈ፦

ቀስተኛው ያለው ውሸት የለበትም፤ ግን አዮርቬትን ቅዱስ አታድርጉት። ሌቶን ጫካው ውስጥ የደበቀውና የረዳው ማን ነው? ነገሥታቱ ይገደሉ ብሎ ከነፍሰ ገዳይ ጋር የተስማማው እሱ ነው። የተከዳው ካሰበው በላይ ተንኮለኛ ሰው ስለገጠመው እንጂ ሥራውን ስለጠላው አይደለም። በፍሎትሳም መንገድ ላይ በቀስት የወደቁት ሁሉም ወታደሮች አልነበሩም።

ናቲ፣ ልጄ፣ እኔ የምመክርህ መጀመሪያ ከሮሽ ጋር እንድትሄድ ነው። ምክንያቱን ልንገርህ። ይህ ጌም ስለ ኤልፎች አመፅ ብቻ አይደለም፤ አመፁን የሚመግበው የነገሥታቱ ጨዋታ ነው፤ እሱ ደግሞ ከቬርገን ግንብ ላይ ሆነህ አይታይህም። ፎልቴስት ሲሞት ሕጋዊ ወራሽ የለውም፤ ቡሲና አናይስ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆቹ ናቸው፤ ጌሙ ሲጀምር ያየኸው የግንብ ከበባም የተነሳው በእነሱ ምክንያት ነው። የኤዲርኑ ንጉሥ ዴማቬንድም በዚያው በሌቶ እጅ ተገድሏል። ሁለት ዙፋን ባዶ ሲሆን ጎረቤቱ ምን ያደርጋል? የኬድዌኑ ንጉሥ ሄንሰልት ድሮም ዓይኑን የጣለበትን የፖንታር ሸለቆ ሊውጥ ጦሩን ይዞ ወረደ። ቬርገን ያለችው እዚያው ላይ ነው። በሮሽ መንገድ የሄንሰልት ሰፈር ውስጥ ትኖራለህ። ሲበላ፣ ሲስቅ፣ ሲፈራ ታየዋለህ፤ ድንኳኑ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚዶልትም ትሰማለህ። ሰው በሰው ላይ የሚያደርገውን እዚያ ካየህ በኋላ፣ ለኤልፍ የሚተርፈው ምን እንደሆነ ሳይነግሩህ ይገባሃል።

ሮሽም ቀላል ሰው አይደለም። ብሉ ስትራይፕስ የሚባለው ጦሩ ኤልፎችን ሲያሳድድ የኖረ ነው፤ እጁ ንጹሕ አይደለም፤ ለጌታው ያለው ታማኝነት ግን የተገዛ አይደለም። ሎሬዶ ከተማውን ለኬድዌን ሊሸጥ ሲዶልት ሮሽን ያበገነውም ለዚህ ነው። ሎሬዶ ቤት ስትገቡ አንዲት ኤልፍ ሴት ተቆልፎባት ታገኛላችሁ፤ ሞሪል ትባላለች። ከዚህ በላይ አልናገርም። ነገር ግን የሮሽ መንገድ የሰው ወገን ብቻ ነው የሚል ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ ይግባና ይንገረኝ።

የጫካው_ቀስተኛ፦

ጋሽ ክንፈ፣ ያሉትን እቀበላለሁ፤ አንድ ነገር ግን ቀረ። የሰው ፖለቲካ ቬርገንም ውስጥ አለ። የዴማቬንድ ልጅ ስቴኒስ የሳስኪያ አጋር ሆኖ ተቀምጧል፤ ነገር ግን ገበሬውንና ድዋርፉን የሚያየው ከላይ ወደ ታች ነው። የሆነ ወንጀል ሲፈጸም (ምን እንደሆነ አልናገርም) ጥርጣሬው እሱ ላይ ያርፋል፤ ሕዝቡ በሩ ላይ ተሰብስቦ ይገደል ይላል፤ መሃል ላይ የምትቆመው አንተ ነህ። ማስረጃው አንድም ጊዜ ሙሉ አይሆንልህም። ነፃ አገር እንመሥርት ያሉ ሰዎች መጀመሪያ የሚፈተኑት በጠላት አለመሆኑን በየትኛው ጌም አይተዋል?

ጋሽ ክንፈ፦

እሱስ ልክ ነህ። የስቴኒስን ነገር ረስቼው ነበር።

ናቲ_ጉለሌ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰላማዊት፣ ሴቩን ገልብጬዋለሁ። ትናንት ማታ ሰይፉን መለስኩለት፤ ከዚያ ግን ሌቶ ስድስት ጊዜ ገደለኝ። በሁለት ምት ነው የሚጨርሰኝ። መድኃኒት ልጠጣ ስል ደግሞ አይፈቅድልኝም።

ሰላማዊት፦

በዚህ ጌም መድኃኒት የሚጠጣው ከውጊያ በፊት፣ ጌራልት ቁጭ ብሎ ሲያሰላስል ብቻ ነው። ሌቶ ፊትህ ከቆመ በኋላ አይሆንም። ስለዚህ ፍርስራሹ ውስጥ ከመግባትህ በፊት ወዳለው ሴቭ ተመለስ፣ ጠጥተህ ግባ። ውጊያው ላይ መጀመሪያ ኩዌን የሚባለውን የጋሻ ምልክት (አስማት) አብራ፤ ሲሰበር ተንከባልለህ ራቅና እንደገና አብራው። ሌቶም ምልክት እንዳንተ ይጠቀማል፤ ጋሻው ሲበራ በሰይፍ አትድከም። ቦምብ ካለህ አትቆጥብ። አንድ ሁለት ምት አሳርፈህ ሽሽ፤ ሦስተኛውን አትመኝ።

ብታሸንፈውም ቀጥሎ በሚመጣው ትዕይንት የበላይ የሚሆነው እሱ ነው። ታሪኩ እንደዚያ ነው፤ ተሸነፍኩ ብለህ እንዳትደግመው።

ናቲ_ጉለሌ፦

አለፍኩት! ኩዌኑ ነው ያዳነኝ።

ግን ፍሎትሳም ስመለስ ያየሁትን አልጠበቅኩም። ትናንት ዳቦ ሲሸጥልኝ የነበረው ሰፈር ሌላ ሆኗል። ሰዉ እየጮኸ በየቤቱ ኤልፍና ድዋርፍ ያሳድዳል። አንዱን ቡድን ብቻዬን ተዋግቼ በተንኩት፤ ሌላ ቦታ ግን ዘግይቼ ደረስኩ። ይህ ሁሉ የሆነው እኔ ሰይፉን ስለሰጠሁት ነው? ብመታው ኖሮ አይሞቱም ነበር?

ጋሽ ክንፈ፦

በዚያች ሌሊት አይሞቱም ነበር። ይህን አልደብቅህም።

ግን ከተማዋ ስትደርስ መጀመሪያ ያየኸው ምን ነበር? ዞልታን የሚባለው ድዋርፍ ጓደኛህ አንገቱ ገመድ ውስጥ ገብቶ። ያኔ አዮርቬት ሰይፍ አልያዘም፣ አንተም ገና ከጀልባ መውረድህ ነበር። ሎሬዶ ይህን ከተማ ለዓመታት በዚህ ጥላቻ ሲያስተዳድር ኖሯል፤ ሕዝቡ ኤልፉን እያየ እስካለ ድረስ የእሱን ኪስ አያይም። ክብሪቱን ያቀበልከው አንተ ልትሆን ትችላለህ። ጭዱን የከመረው ግን እሱ ነው።

ናቲ_ጉለሌ፦

ጋሽዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ስሰማ ወሰንኩ። ሮሽን ፊት ለፊት አናግሬው ከአዮርቬት ጋር ሄድኩ። ሮሽ አልሰደበኝም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ።

ጀልባውን ያዝነው፤ አሁን ደግሞ ሎሬዶ ኤልፍ ሴቶችን ግንብ ውስጥ ዘግቶ እሳት ለቀቀበት። እሱን ላሳድደው ወይስ እነሱን ላውጣ? ሎሬዶን ከተውኩት በኋላ ይቆጨኛል?

የጫካው_ቀስተኛ፦

ሴቶቹን! ሎሬዶ ያመልጣል፤ ያናድዳል፤ ግን ያልኩህን ታስታውሳለህ፣ ኤልፍ ስንት እንደቀረ። አዮርቬትም በሙሉ ዓይኑ የሚያይህ ከዚያ በኋላ ነው።

ሰላማዊት፦

በጌሙ ረገድም ምንም አይጎድልብህም፣ ሁለቱም ወደ ቬርገን ያደርሳሉ። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልንገርህ፦ በ2015 በወጣው ዊቸር 3 ውስጥ አዮርቬት የለም። ሮሽ አለ፣ ሌቶም በሕይወት ከተውከው አለ፤ አዮርቬትን ግን አታገኘውም። ስለዚህ ከእሱ ጋር ያለህ ጊዜ ይኸው ነው፤ የቬርገንን ንግግሮች እየዘለልክ አትለፍ።

ናቲ_ጉለሌ፦

አወጣኋቸው። ሎሬዶ አመለጠ። አሁን ጀልባው ላይ ነን፣ ወደ ቬርገን።

ጋሽ ክንፈ፣ ከምርጫው በፊት ያለውን ሴቭ ፍላሹ ላይ ለብቻው ፎልደር ከፍቼ «ሮሽ» ብዬ አስቀምጬዋለሁ። ቬርገንን ስጨርስ የሄንሰልትን ድንኳን ላየው እመለሳለሁ።