ዋርፋሪን የምትወስድ እናቴ ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ በማር ትወስዳለች፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። በተለይ ፋርማሲስቶችና ሐኪሞች እባካችሁ እርዱኝ።

እናቴ ደሴ ነው የምትኖረው። የልብ ምቷ ስለሚዛባ ደሟ እንዳይረጋ ዋርፋሪን ታዞላታል። አይኤንአሯ (ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚያሳየው የምርመራ ቁጥር፤ ከፍ ሲል ደም ቶሎ አይረጋም) ከ2 እስከ 3 መሆን ሲገባው ባለፈው 4.3 ሆኖ ተገኘ። ጠዋት መፋቂያዋ ላይ ደም አያለሁ፤ ክንዷም ትንሽ ነገር ሲነካው ይበልዛል።

ኪኒኗን በሰዓቱ ነው የምትውጠው። ግን በየቀኑ በባዶ ሆዷ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድና ዝንጅብል በማር ለውሳ አንድ የሾርባ ማንኪያ ትወስዳለች። ለግፊት ፍቱን ነው ብለዋታል። ወጥ ውስጥ የሚገባው ቅመም አያሳስበኝም፤ የሚያስፈራኝ ይሄኛው መጠን ነው። ነጭ ሽንኩርት ሲወቀጥ አሊሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይፈጠራል፤ ከአሊሲን የሚገኘው አጆኢን ደግሞ ፕሌትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚያግዙት ትንንሽ የደም ሕዋሶች) እንዳይጣበቁ ያደርጋል። ይሄ ከዋርፋሪኑ ጋር ሲደረብ ለመድማት ያጋልጣል፣ በአይኤንአር ምርመራም አይታይም።

የጨነቀኝ እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ የዋርፋሪኑን መጠን ቀንሶላታል፤ ስለ ማሩ ግን አልጠየቃትም፣ እሷም አልነገረችውም። አሁን ማሩን በአንድ ጊዜ ብታቆመው አይኤንአሯ በጣም ወርዶ ደሟ ይረጋ ይሆን? ወይስ ቀስ በቀስ ትቀንሰው? ቀጠሮዋ ሳይደርስ እንደገና ማስመርመር አለብኝ?

«እማ ተይው» ስላት «አብሽር ልጄ፣ የእግዜር ቅጠል ሰው አይጎዳም» ትለኛለች። ዋርፋሪን የሚወስድ ወላጅ ያላችሁ፣ እንዴት አድርጋችሁ አሳመናችኋቸው?